አምስቱ የካኪ ክፋዮች

ነገረ ፈጅ አንሙት ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ቤት ሲደርስ የወይዘሮዋ ሬሳ ተገንዞ፣ ጎረቤቲቱ ዘሪቱ ወለሉን ስትጠርግ አገኛት።

«ጣይው! ማን ጥረጊ አለሽ?» ብሎ ጮኸባት።

«ለቀስተኛ ይመጣል ብዬ ነዋ፣ አያ አንሙት።»

አንሙት ግንባሩን ያዘ። ሃያ ዓመት ደብረ ማርቆስ ችሎት ሲሟገት የኖረ ሰው ነው፤ ጣሊያን መጥቶ ችሎቱን ሲዘጋበት ከደብረ ኤልያስ አርበኞች ጋር ጫካ ገባ። ጫካ ውስጥ የሚያንገበግበው ረሃቡም ብርዱም አይደለም፤ ፍርድ ከምርመራ መቅደሙ ነው። ዛሬም ያስጠሩት የጦሩ አለቃ ፊታውራሪ አስማማው ፍርዱን ጨርሰው ቆዩት።

«ገዳይዋ የብርጓል ናት» አሉ። «ጥላ ሲዞር ጦሬን ይዤ እነሳለሁ። ከዚያ በፊት ትሰቀላለች። አንተን የጠራሁህ ሳይመረምር ሰቀለ እንዳልባል ነው።»

«ታዲያ ገመዱ ከእኔ ቀድሞ ደርሷል በሉኛ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የአገሩ ሴቶች ለጫካው ጦር ጥጥ የገባበት ብርድ ልብስ ይሠራሉ። ትልቅ ብርድ ልብስ ፍተሻ ሲመጣ መደበቂያ የለውም። ስለዚህ እያንዳንዷ በየቤቷ ትንሽ ትንሽ ክፋይ ትሠራለች፤ ከላይ እራፊ፣ ከመሀል ባዘቶ፣ ከሥር አቡጀዲድ አነባብራ፣ ሦስቱንም በመርፌ እየወጋች በጠባብ በጠባብ መስመር ትሰፋዋለች። ያለቀለትን ክፋይ ብብቷ ሸጉጣ ታመጣለች። የወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ሥራ ያለቁትን ጎን ለጎን ማጋጠም ብቻ ነበር።

ጧት ሴትዮዋ በጀመሩት ብርድ ልብስ ላይ ተደፍተው ተገኙ። ሬሳው ሲነሳ ብርድ ልብሱ ተንኮሻኮሸ። ፊታውራሪ አንዱን የካኪ ክፋይ በጎኑ በጩቤ ቢሰነጥቁት የጠላት ምሽግ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ወጣ። ስም የለበትም፤ ጣሊያን ለጆሮ ጠቢዎቹ የሚሰጠው የይለፍ ወረቀት ነው። የካኪ ክፋይ የምትሠራው ደግሞ የብርጓል ብቻ ናት፣ ከሞተ ባሏ ልብስ።

አንሙት ከፈኑን ገልጦ የሟቿን ከንፈር አየ። ውስጡ ቆስሏል፤ ታፍነዋል። ጎረቤቶች እንዳሉት ትናንት ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ደጅ ከምሰሶ ጋር ወደ ታሰረችው ወደ የብርጓል ሄደ።

«ልጄ፣ ወረቀቱን ታውቂዋለሽ?»

«ፊደል ለማልቆጥር ሰው ወረቀት ምን ያደርግልኛል? ክፋዬን ሰጥቼ ወጣሁ።»

«ስትወጪ ማን ሲገባ አየሽ?»

«ማንንም።»

«አስታውሺ እንጂ! የምትሰቀዪው እኮ አንቺ ነሽ!»

«ያላየሁትን አየሁ ልበል፣ አያ አንሙት?»

ተናዶ ወደ ዘሪቱ ዞረ። «በስንት ሰዓት ነው የገባሽው?»

«ለጎረቤትም መግቢያ ሰዓት አለው እንዴ?»

ሦስተኛው የሟቿ የእህት ልጅ፣ ኮርቻ ሰፊው አበረ ነበር። ፊታውራሪ አጠገብ ተቀምጦ ያለቅሳል።

«አክስቴ እናቴም ነበረች» አለ። «ላያት ገብቼ ወጣሁ። ያቺ ከሃዲ ክፋዩን ሰፍታ ሰፍታ፣ ባዘቶውን ስትሞላበት ነው ወረቀቱን አብራ የከተተችው።»

አንሙት ቀና ብሎ አየው። የዘሪቱን ጥራጊ ከጥግ አፍሶ፣ ክፋዩን ገልብጦ፣ ወረቀቱን ለፀሐይ ዘርግቶ ተመለከተ። ከዚያ ሁሉንም ደጃፉ ላይ ሰበሰባቸው።

«ዘሪቱ፣ ይህን ቁራጭ ወረቀት ባዘቶ መሀል አድርጊና እንደ ልማድሽ ስፊልኝ።»

እያጉተመተመች ሰፋችው። አንሙት ቀደደና ወረቀቱን አወጣው። ወንፊት ሆኗል።

«አሁን የፊታውራሪን ወረቀት እዩት። በእጥፉ አራት መስመር ስፌት ይሸፍናል። አንድ የመርፌ ቀዳዳ ካገኛችሁበት እኔን ስቀሉኝ! ስለዚህ የብርጓል ስትሰፋ ይህ ወረቀት ውስጡ አልነበረም። ክፋዩ ካለቀ በኋላ ተተርትሮ ነው የገባው። መልሶ የዘጋው ሰው ከላይ ያለውን ካኪ ብቻ ይዞ ሰፋ፤ ከሥር አቡጀዲዱ ላይ ስፌቱ የለም።»

«ቤቷ ተርትራው ቢሆንስ?» አሉ ፊታውራሪ።

«ታዲያ ይሄ ባዘቶ ሟቿ ወለል ላይ ምን ይሠራል? ከጥራጊው ነው ያገኘሁት። ወይዘሮ ያለቀ ክፋይ ከማጋጠም በቀር ጥጥ አይነኩም ነበር። ክፋዩ የተተረተረው እዚሁ ነው፤ እሳቸው እያዩ ዝም ስለማይሉ፣ ከሞቱ በኋላ ነው። ደግሞስ ሁሉ በሚያውቀው በራሷ ካኪ ውስጥ ወረቀቱን ትታ የምትሄድ ሞኝ ማን ናት?» መዝጊያውን ክር በጥፍሩ ፋቀው። «ሰም አለው። ዘሪቱ፣ ክርሽን ሰም ትቀቢያለሽ?»

«ለጥጥ? ምን በወጣኝ! ሰም ለቆዳ ሰፊ ክር ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ አበረ ዞረ።

«ሰም በየቤቱ አለ! ጧፍ የማይሠራ ማን ነው?» አለ አበረ።

«ልክ ነህ። በሰም ብቻ ሰው አልከስም። ቅድም ግን ምን አልከኝ? ሰፍታ ስትሞላበት አልክ፤ ፊታውራሪም ሰምተዋል። ተሰፍቶ የሚሞላ ኮርቻ ነው። ይህ ግን ተሞልቶ ነው የሚሰፋው። ሁለቱ ሴቶች ይህን ያውቃሉ፤ ከሦስታችሁ የማታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ስለዚህ እንደ ኮርቻ አፉን ከፍተህ፣ ከተህ፣ ዘጋህ። አሁን የበቅሎህ ኮርቻ ይምጣና ሆዱ ይታይ።»

አበረ ይህን ሲሰማ ብድግ ብሎ ሮጠ። አጥሩን ሳይዘል ያዙት። ከኮርቻው ውስጥ ያው ማኅተም ያለበት ሌላ ወረቀት ሲወጣ መካድ አቆመ።

«ወረቀቱ ሲወድቅብኝ አክስቴ አየችው» አለ። «ለፊታውራሪ እናገራለሁ አለች። አፈንኳት፤ ነገሩ በየብርጓል እንዲላከክ ወረቀቱን ካኪዋ ውስጥ ከተትኩት።»

የብርጓል ተፈታች። ፊታውራሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ተሳስቻለሁ፣ ልጄ። ማጋጠሙን አንቺ ጨርሽልን። ጫካው ይበርዳል።»

የብርጓል ከዘሪቱ ምላጭ ተቀብላ ብርድ ልብሱ አጠገብ ተቀመጠችና የማጋጠሚያውን ክር ብቻ መቁረጥ ጀመረች። የካኪ ክፋዮቹ ባዘቷቸው ሳይፈስ፣ ስፌታቸው ሳይላላ አንድ በአንድ ወጡ። በጩቤ የተሰነጠቀውም ሲጨመር አምስት ሆኑ። ብርድ ልብሱ አምስት ቦታ ላይ ተበሳ።

ፊታውራሪ ወደ አንሙት ዞሩ። «ንገራት እንጂ! አፍ ያለህ አንተ ነህ።»

«የሱ ልብስ ነው» አለች የብርጓል ቀና ሳትል። «እርስዎ ፊት እየተዋጋ ነው የወደቀው፣ ፊታውራሪ። እሱን ሰጠኋችሁ፤ ልብሱንም ቆራርጬ አመጣሁላችሁ። ገመዱን ስታመጡ ግን፣ ይህች የማን ሚስት ናት ያለ አንድ ሰው አልነበረም።»

ክፋዮቹን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ቁልቁለቱን ወረደች። አንሙት ለፊታውራሪ ሊከራከርላቸው አፉን ከፍቶ ነበር፤ ቅድም ስለ ወረቀቱና ስለ ገባ ወጪው ሲጠይቃት እሱም ስለ ባሏ አንድ ቃል እንዳላነሳ ትዝ አለውና ዘጋው።