የማይሞላው ጆሮ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ያየሁትን እንጂ ሰው የነገረኝን አልጽፍም።

ሰዓቱ ቀትር ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ቆማለች። ቦታው አትላስ ተራራ፣ በሙቀቱ ወራት በጎቻችንን የምናወጣበት ግጦሽ። ድንኳናችን ከዝግባው ደን ጫፍ ላይ ነው።

የነበርነው እኔ፣ ታናሽ እህቴ ኢቶ እና ጎልማሳ ልጇ ባሱ ነን። ውሻችን ኢዘም ይባላል። ተኩላ አንቆ የሚጥል ውሻ ነው።

ሰሞኑን ጆሮውን ያክ ነበር። እስኪደማ ያካል... ራሱን ያራግፋል... ደግሞ ያካል።

ያን ቀን ጠዋት የአንድ ጠቦት አንገት ሰበረ። አልበላውም። ሰብሮ ተወው።

በእኛ ዘንድ በግ የገደለ ውሻ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይገደላል። ምሕረት የለውም።

ባሱ መጥረቢያውን አነሳ።

«ከበረዶ ውስጥ ጎትቶ ያወጣህን ውሻ?» አለች ኢቶ።

«ነገ አንቺን ቢነክስስ፣ እማ?»

«ቆይ» አልኩት። «ጆሮውን ልየው። ሕመም ከሆነ ያሳበደው ይድናል። መግደሉ አያመልጥህም።»

«ውይ አጎቴ! በስተርጅና የውሻ ሐኪም ሆኑ?»

«አንተ ዝም በል!» አለችው እናቱ። «ጥርስህን ያመመህ ለት በጩኸትህ ፍየሉን ሁሉ አስበርግገህ፣ ዛሬ በሌላው ሕመም ትስቃለህ?»

የውሻውን አፍ በገመድ አሰርን።

የውሻ ጆሮ ያለ ምክንያት አያሳክክም። መዥገር ይገባበታል። ጥቁር ፍርፋሪ ከታየ ዓይን የማያያት ተባይ ናት። ከሸተተ መግል ይዟል። በዚያ ወር ደግሞ የደረቀ የሣር እሾህ እየሰረሰረ ይገባል። መጀመሪያ ማየት ነው፣ ማሽተት ነው። ከዚያ ለብ ባለ የወይራ ዘይት ከደጁ ቀስ አድርጎ መጥረግ። ውስጥ ድረስ እንጨት መስደድ የለም።

ጆሮውን ገለጥኩት።

ንጹሕ ነበር።

መዥገር የለ። ሽታ የለ። የቆሰለው በገዛ ጥፍሩ ከውጭ ብቻ ነው። ውስጡ ግን ይቀዘቅዛል... በዚያ ቀትር። ጣቴን ሳስጠጋ ነፋስ ነካኝ።

ከውስጥ የሚወጣ ነፋስ።

«ምን አዩ?» አለች ኢቶ በሹክሹክታ።

«ምንም።»

«ታዲያ እጅዎን ለምን ቶሎ አነሱ?»

ጆሮውን መልሼ ሸፈንኩት።

ባሱ የቅጥራኑን ጣሳ ይዞ መጣ፤ ከተቃጠለ የዝግባ እንጨት የሚወጣ ጥቁር ዝፍት ነው። ለበግ እከክ ቅጥራን ነው። ለውሃ አቁማዳ ቅጥራን ነው። ክፉ ዓይን እንዳይገባ ደጃፍ ላይም ቅጥራን ነው። እኛ ቅጥራን የማናስነካው ነገር የለም።

«ውስጥ እንዳታፈስ» አልኩት። «ከውጭ ቀባው። ውስጥ ከገባ ያሳብደዋል።»

«አብዷል ብለን አይደል እንዴ የምንገድለው?»

አፈሰሰው።

ጆሮው አልሞላም። ጨመረ። አሁንም አልሞላም። ጣሳውን ገለበጠው... እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ገባ። ውሻው ድምፅ አላሰማም።

«የት ነው የሚሄደው?» ብሎ ባሱ ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀ።

ኢቶ ወደ ድንኳኑ ጥግ ጠቆመች።

የሞተው ጠቦት እዚያ ተጋድሟል። ከጆሮው ጥቁር ነገር ይወርዳል... ወፍራም ነው... የተቃጠለ እንጨት ይሸታል።

ቅጥራን።

ያን ጊዜ ኢዘም ገመዱን በጠሰ።

በጎቹ መሐል ገባ። ያገኘውን አልነበረም የሚነክሰው። ይመርጣል። ጆሮ ያሸታል፣ ያልፋል። ጆሮ ያሸታል፣ ያንቃል። አጥንት ሲሰበር ከቆምኩበት ይሰማኛል። ሣሩ በደም ራሰ። አንዲት በግ ጉሮሮዋ ተዘርግፎ እየተንገዳገደች መጥታ እግሬ ሥር ወደቀች።

ከጆሮዋ ቅጥራን ፈሰሰ።

ከወደቁት ሁሉ ፈሰሰ። ያለፋቸው ደህና ነበሩ።

ገባኝ። ውሻው አላበደም። ሥራውን እየሠራ ነው።

«ባሱ፣ ተወው! እየጠበቀን ነው!»

አልሰማኝም። መጥረቢያውን ይዞ ሮጠ። ኢዘም ደረቱ ላይ ዘሎ በጀርባው ጣለው። አንዱን ጆሮውን አሸተተ... ሌላውን አሸተተ... ተወው። ኢቶ ዘንድ ሄደ። እሷንም አሸተተ። ተዋት።

ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

አፉ በደም ተነክሯል። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አፍንጫውን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ። አሸተተኝ...

ደግሞ አሸተተኝ።

ጥርሱን ገለጠ። ትንፋሹ ጉሮሮዬን አሞቀው።

በእጄ አብልቼ ያሳደግኩት ውሻ ነው። ጥርሱ እንደተገለጠ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንደ ቡችላ አለቀሰ። አልነከሰኝም።

መጥረቢያው ከኋላ መጣ። ጀርባው ላይ አረፈ። ሊነሳ ሞከረ፤ እንደገና ወረደበት። ደሙ ፊቴን አለበሰኝ።

«ተረፉ!» ይላል ባሱ እያለከለከ። «ተረፉ፣ አጎቴ! ለጥቂት ተረፉ!»

ዓይኔን ገለጥኩ። አንገቴ ላይ የሚወርድ ነገር ነበር። የውሻው ደም መስሎኝ በቀኝ እጄ ጠረግኩት።

ደም አልነበረም።

እጄን ጀላባ ቀሚሴ ውስጥ ከተትኩ።

ኢቶ እያለቀሰች መጣች። አጎንብሳ እጇን ዘረጋችልኝ።

«ወንድም ጋሼ... ይነሱ፣ እጅዎን ይስጡኝ።»

ግራ እጄን ሰጠኋት።