ስምንት ብሎን

የሴል ክፍሉ ባለሙያ የሞተችው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ግድም፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መጀመሪያ ያገኛት የክሊኒኩ ዋና ሐኪም ሲሆን፣ ከናይትሮጅን በርሜሉ ሥር በጎኗ ተጋድማ፣ አንድ ጫማዋ ወልቆ ነበር። ሰውነቷ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር።

ሐኪሙ «ልቧ ነው» ብሎ የሞት ማስረጃውን ሊፈርም ሲል እናቷ ደረሱና ብዕሩን ከእጁ ነጠቁት።

«የልጄን ልብ እኔ አውቀዋለሁ» አሉ። «ፖሊስ ሳይመጣ ማንም ምንም አይፈርምም።»

የተላከችው መርማሪ በባልደረቦቿ ዘንድ «ወስፌ» ትባላለች። ቀጭን ናት፤ አንድ ቦታ ከያዘች ደግሞ ሳትበሳ አትወጣም። ክሊኒኩ አልገጥም ያለ ስብራት የሚታከምበት ነው። ከበሽተኛው ዳሌ መቅኔ ይቀዳል፤ ከመቅኔው ስቴም ሴል የሚሉት፣ አዲስ አጥንት የማብቀል አቅም ያለው ሕዋስ ተለይቶ ይራባል፤ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ ይቆይና ስብራቱ ላይ በመርፌ ይሰጣል። የሴሎቹ ጠባቂ ሟቿ ነበረች።

ወስፌ ክፍሏን ዞር ዞር ብላ አየች። የአየር መሳቢያው እየሠራ ነው፤ ማብሪያው ከውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ነው። አየር ሲያጥር የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ ሽቦው ተነቅሏል። በርሜሉ የሚሞላበት ሲሊንደር ባዶ ነው። ወፍራሙ የቅዝቃዜ ጓንት በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ነው፤ የሳጥኑ ብቸኛ ቁልፍ የሟቿ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ተገኝቷል።

የጥገና ሠራተኛውን ጠራችው።

«ናይትሮጅን መርዝ ነው?»

«አይደለም። አየሩን ያባርራል እንጂ። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ሁለት ሦስቴ ከሳቡት ጉልበት ይከዳል፣ በቃ።»

«ሲሊንደሩስ ለምን ባዶ ሆነ?»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው። ትናንት ከሰዓት ሙሉውን ነው የተረከብኩት። ማስጠንቀቂያውም ስወጣ አረንጓዴ ያበራ ነበር።» መሬት መሬት እያየ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከዘጠኝ ወር በፊት፣ በረጅሙ ዕረፍት፣ በርሜሉ ደርቆ ነበር። ሴሎቹ በሙሉ ሞቱ። እሷ ይጣሉ አለች። ዶክተሩ ‹አንቺ ሥራሽን ሥሪ› ብለው መለሷት። እነሱኑ ነው ለሰው ሲወጉ የከረሙት።»

«አንተ ይህን እያወቅክ ዝም አልክ?»

«አራት ልጆች አሉኝ፣ እመቤቴ።»

«እሷም የሰው ልጅ ነበረች» አለችና ፊቷን አዞረችበት።

ኮሪደሩ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሁለት ክራንች ታቅፎ ተቀምጧል። ትናንት ሟቿን «እገልሻለሁ» ሲላት ግማሹ ክሊኒክ ሰምቷል።

«ብለሃል?»

«ብያለሁ። ሦስት መርፌ ወግተውኝ ስምንት ወር ቤት ዋልኩ። ከመሪ የወረደ ሹፌር ምን የማይለው አለ?»

«ዛሬስ ምን አመጣህ?»

«ማታ ደወለችልኝ። ‹ሦስት ሰዓት ላይ ና፣ ፊት ለፊት የምነግርህ አለ› አለችኝ። ስመጣ ሞታለች።»

ወስፌ መዳፎቹን አስዘረጋችው። ከክራንቹ እጀታ የመጣ መጅ እንጂ ሌላ ምልክት የለባቸውም።

ሐኪሙ ቢሮ ውስጥ ሁለት ራጆች በመብራት ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል።

«የሹፌሩ ቅልጥም ነው» አለ በኩራት። «ግራው ከመርፌው በፊት፣ ቀኙ በኋላ። በሚቀጥለው ሳምንት ለሐኪሞች ጉባኤ አቀርበዋለሁ። አጥንቱ ገጥሟል። የታመመው ጭንቅላቱ ነው።»

«በሁለቱ ራጆች መካከል እግሩ በቀዶ ሕክምና ተከፍቷል?»

«በፍጹም። መርፌ ብቻ። ውበቱም እሱ ነው።»

ወስፌ በልቧ ቆጠረች። ከአጥንቱ ጎን የታሰረው ብረት ግራው ላይ ስምንት ብሎን አለው። ቀኙ ላይ ስድስት።

«ሟቿን ሲያገኟት ምን አደረጉ?»

«በሩን ከፈትኩ፣ ገባሁ፣ የልብ ምቷን አዳመጥኩ፣ ወጥቼ ተጣራሁ። ሌላ ምንም አልነካሁም።»

«እጅዎስ ምን ሆነ?»

ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። «ዛሬ ጠዋት የፈላ ውሃ ተደፋብኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቆማ ተናገረች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ግን የሚቆርጥ ነበር።

«ይህ ዛሬ ሌላ ሆስፒታል ያስነሳነው የሹፌሩ ራጅ ነው። ብሎኑ ስምንት ነው፤ ስብራቱ እንደተከፈተ ነው። ቢሮ የተሰቀለው ስድስት ነው። ብሎን ያለ ቀዶ ሕክምና አይወጣም። ስለዚህ ‹ዳነ› የተባለው እግር የሌላ ሰው ነው።»

ሹፌሩ ራጁን ትክ ብሎ አየ። «ታዲያ እኔን በባዶ ሜዳ ነው እብድ ያሉኝ?»

«ሟቿ ይህንን ልትነግርህ ነበር የጠራችህ። የጥሪው ወሬ ቀድሞ የደረሰው ገዳይ ማስጠንቀቂያውን ነቀለ፣ አየር መሳቢያውን አጠፋ፣ ናይትሮጅኑን ወለሉ ላይ ለቀቀውና በሩን ዘጋ። እሷ ጠዋት ገባች። አልወጣችም።»

«ማንም ሊያደርገው ይችላል» አለ ሐኪሙ።

«መሳቢያው ሲሠራ ቢያድር እሷ አትሞትም ነበር። እንደጠፋ ቢቆይ ደግሞ እርስዎም አጠገቧ ይወድቁ ነበር። ገብተው፣ ጎንበስ ብለው ልቧን አዳምጠው በሰላም ወጡ። ከመግባትዎ በፊት መሳቢያውን ያበራው ሰው አየሩ ገዳይ መሆኑን ያውቃል። እኛ ስንደርስ ይሠራ ነበር፤ ሌላ የነካው ሰው የለም። ከእርስዎ በፊት አብርቶ የሄደ ካለ ይንገሩኝ።»

ሐኪሙ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ከጀርባው ደበቀ።

«ጓንቱ ተቆልፎ ነበር። የጥገናው ሰው የራሱ ጓንት አለው፤ የሹፌሩን መዳፍ አይቼዋለሁ። የሲሊንደሩን የቀዘቀዘ ቧንቧ በባዶ እጁ የጨበጠው ሰው መዳፉ ላይ ቀጥ ያለ የተቃጠለ መስመር ይኖረዋል። የፈላ ውሃ ይረጫል፤ መስመር አይሠራም። ፋሻውን ይፍቱት።»

አልፈታም። ከወስፌ ጋር የመጣችው የፖሊስ ሐኪም ፈታችው። መዳፉን አቋርጦ ያለፈ ነጭ፣ የቧንቧ ስፋት ያለው ቃጠሎ ታየ። የእጁ ጀርባ ንጹሕ ነው።

«አንድ ዓመት ብትታገሠኝ ኖሮ አዲስ ሴል አራባ ነበር» አለ ሐኪሙ በደረቁ።

ሹፌሩ ክራንቹን አንስቶ ተነሣ። እናትየው መሐል ገቡ።

«ቁጭ በል ልጄ። እኔ ያልመታሁትን አንተ አትመታውም።»

ክራንቹ ቀስ ብሎ ወረደ። ሐኪሙን ይዘውት ወጡ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

እናት ዓይናቸውን አልጠረጉም። «እንዲህ ያለው መርፌ የተወጋ ስንት ሰው ነው?» አሉ ወስፌን።

«ከዚህ ሹፌር ሌላ አሥር።»

«አውቀዋል?»

«አላወቁም። ነገ ደብዳቤ እንጽፍላቸዋለን።»

«ደብዳቤ አይሆንም። ስልካቸውን ስጪኝ።»

«እማማ፣ ይህ የእኛ ሥራ ነው።»

«የልጄ ሥራ ነበር። ልትነግራቸው ስትል ነው የገደላት።»

ወስፌ ዝርዝሩን ሰጠቻቸው። እናት መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ቁጥር መቱ። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ተነሣ።

«ጤና ይስጥልኝ» አሉ። «እግርዎ ያልዳነው በእርስዎ ጥፋት አይደለም። ይቀመጡና ያዳምጡኝ።»