የግራው ዲስክ

ሟቹ የተገኘው ሁለት እጁ መሪውን እንደጨበጠ ነው። መኪናዋ ረጅሙን ቁልቁለት ልትጨርስ ትንሽ ሲቀራት ወደ ቀኝ ታጥፋ የድንጋይ ግንብ ውስጥ ተቀብራለች። ሾፌሩ ተሳፋሪዎቹን ከላይ አራግፎ ባዶዋን ወደ ቤቱ እየወረደ ስለነበር ሌላ የተጎዳ ሰው የለም። የሰፈሩ ሰው ግን ሬሳው ገና ሳይነሣ ገዳዩን አግኝቶ ጨርሷል፤ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ መካኒኩ ነው ብሏል።

ለሐሜት ደግሞ ምክንያት አይጠፋም። ያቺ መኪና ፍሬን ሲያዝ መሪዋ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል። ታናሽየው የግራውን የፊት ጎማ ይፈታል፤ የፍሬን ሸራ የሚነክሰውን ክብ ብረት፣ ዲስኩን፣ አውጥቶ ያስተካክላል፤ ጥቂት ሰንብቶ መንቀጥቀጡ ይመለሳል። በመጨረሻ ታላቅየው ትዕግሥቱ አልቆ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ «አንተ እኔን ሳትገድል አትተኛም» አለውና መኪናዋን ሌላ ጋራዥ ወሰደ። ወንድሙ መካኒክ ሆኖ ሳለ ሌላ ጋራዥ መሄድ ከጥፊ አይተናነስም። ሁለቱ ሳይነጋገሩ ከረሙ።

ጉዳዩ የተሰጠው ባልደረቦቿ «ወንፊት» ለሚሏት መርማሪ ነው። ብዙ አታወራም፤ ሌላው ያወራውን ግን ትነፋለች። ለቅሶ ቤቱ ስትገባ የሟቹ እናት ከፍራሹ ላይ ተነሥተው እጇን ያዙ።

«ልጄ፣ ሁለት ነበሩኝ። አንዱን አፈር ሊበላው ነው። ያኛው ገድሎት ከሆነ ንገሪኝ፤ ካልገደለው መልሺልኝ። ብቻ እውነቱን አትደብቂኝ።»

«እነግርዎታለሁ እናቴ።»

ቃል መስጠት ለአፍ ቀላል ነው። ወንፊት የዚያን ቃል ክብደት ያወቀችው ዘግይታ ነው።

የሟቹ ባለቤት ቤቷ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ፣ ንግግሯም እንደ መርፌዋ የምትወጋ ሴት ናት። ባሏ ሌላ ጋራዥ ሄዶም መንቀጥቀጡ ሲመለስበት አፍሮ ወደ ወንድሙ እንደተመለሰ፣ ወንድምየውም አዲስ ዲስክ ገጥሜልሃለሁ እንዳለው ተናገረች። እሷ አላመነችውም። የተሰደበ ሰው ቂሙን አይረሳም፤ የገጠመለት ሞቱን ነው አለች።

የሌላው ጋራዥ ባለቤት «ቶርኖ» ይባላል፤ ሆዱን ያመመው ሰው ቢመጣለት እንኳ ብረት መላጫው ማሽን፣ ቶርኖው ላይ አስሮ ከመላጥ አይመለስም ብለው የሠፈሩ ቀልደኞች ያወጡለት ስም ነው። ምላሱ ሥራ አይፈታም። ዲስኩን መጀመሪያ ማሽኑ ላይ ልጦ እንዳስተካከለው፣ አልሆን ሲለው ከነሸራው አዲስ እንደቀየረው፣ እሱም እንደተጣመመ ለወንፊት ሳትጠይቀው ዘረዘረላት።

«ያቺ መኪና ጂን አለባት» አላት።

«ጂኑ በየትኛው ጎማ ነው የሚቀመጠው?»

«ሁልጊዜ በግራው። የቀኙን ነክተነውም አናውቅ፤ መኪናዋ ስትገዛ የነበረው ነው።»

ወንፊት አመስግናው ሄደች።

በሐሜቱ ተጠርጥሮ የታሰረው ታናሽየው እስር ቤት ውስጥ ዓይኑ ደም መስሎ ጠበቃት። ደጋግሞ ማለላት። «ወንድሜን የሚገድል ፍሬን በእጄ አላለፈም» አላት። እሷም አመነችው፤ ለአለቃዋ ግን አልነገረችም። ለቀብሩ በፖሊስ ታጅቦ እንዲሄድና እናቱ ዘንድ ጥቂት እንዲቀመጥ ፈቀደችለት። ከለቅሶ ቤት ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ መጣ።

«ዋሽቼሻለሁ» አላት ጫማውን እያየ። «አዲስ አልነበረም። ማሽን ላይ ተልጦ ያለቀ ስስ ዲስክ ነው የገጠምኩለት፤ እያወቅሁ።»

«ለምን?»

«ስለሰደበኝ።»

አለቃዋ ደስ አለው፤ ያመነ ወንጀለኛ ለአለቃ እንደ ዕረፍት ቀን ነው። ወንፊት ግን የተሰበረውን ዲስክ አስመጥታ አገላበጠችው። ፊቱ በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ከመሐል ወደ ዳር ወርደውበታል። ከመለዋወጫ ሱቅ ያልተነካ ዲስክ ገዝታ አጠገቡ አኖረችው። ከዚያም የቀኙን ከመኪናዋ አስፈትታ አየች፤ አሮጌ ነው፣ ግን እንደ ሳህን ለስልሷል።

በማግሥቱ ሟቹ ከእናቱና ከባለቤቱ ጋር ይኖርበት ወደነበረው ግቢ ሄደች። ጠባብ ነው፤ መኪናዋ የምትገባው እግር ጠባብ ጫማ ውስጥ እንደሚገባው ነበር። የቀኝ ጎኗ ግድግዳውን እየላሰ ስለሚቆም በዚያ በኩል ሰው አያልፍም፤ በግራዋ በኩል ቧንቧ አለ። ዝናብ ከጠፋ ሰንብቶ ግቢው ሁሉ አቧራ ሆኗል፤ የግራው የፊት ጎማ ይቆምበት የነበረው መሬት ብቻ ተቦርቡሮ ጠጠሩ ገጥጧል። ወንፊት ባለቤትየዋን ጠርታ አንድ ነገር በቀስታ ጠየቀቻት። ባለቤትየዋ ነገሩ ምን እንደሚጠቅም ሳይገባት መለሰችላት። መርማሪዋ መልሱን ሰምታ ግድግዳውን ተደገፈች። ምነው ሳልጠይቅ በቀረሁ አለች በሆዷ።

አለቃዋ ፋይሉ ከመዘጋቱ በፊት ሁሉም በተገኙበት ይነገር ስላለ፣ ታናሽየው በካቴና ታስሮ፣ ቶርኖም ተጠርቶ ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ወንፊት እናትየዋ ቤት ገብተው እንዲያርፉ ለመነቻቸው።

«ልጄ እዚህ ቆሞ የት እገባለሁ? ደግሞ ቃል ገብተሽልኛል» አሉና በርጩማቸውን ሳቡ።

ወንፊት ጀመረች። መኪናዋ ወደ ቀኝ የታጠፈችው የቀኙ ፍሬን ይዞ የግራው ስላልያዘ ነው፤ የግራው ያልያዘው ዲስኩ ተሰንጥቆ ስለተገነጠለ ነው አለች።

«ስስ ከሆነማ ይገነጠላል» አለ ቶርኖ። «ልጁም አምኗል።»

መርማሪዋ የተሰበረውንና ከሱቅ የገዛችውን አቀበለችው። ቶርኖ ጠርዛቸውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ምላሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘገየበት።

«ይሄ ማሽን ላይ የተላጠ ብረት አይደለም። የሁለቱም ውፍረት እኩል ነው።»

«አዎ። ልጁ መጀመሪያ የነገረኝ ነው እውነቱ። ሰው ለመውጣት ሲዋሽ ብዙ አይቻለሁ፤ ይሄ ልጅ የዋሸው ለመግባት ነው።»

ባለቤትየዋ ወደ ታናሽየው ዞረች። ስትከሰው ስለሰነበተች ፊቷ በኀፍረት ቀላ። እሱ ግን አንገቱን አላቀናም።

ወንፊት ቀጠለች። ሁለት ጋራዥ፣ ሁለት መካኒክ፣ ግን አንድ ዓይነት ብልሽት፣ እሱም ሁልጊዜ በግራ። ጥፋቱ የመካኒክ ቢሆን ኖሮ ጋራዥ ሲቀየር አብሮ ይቀየር ነበር። ሟቹ ደግሞ ያንን ሁሉ ቁልቁለት ማርሹን ነፃ ለቆ በፍሬን ብቻ ነበር የሚወርደው፤ ይህን ቶርኖም መሰከረ፣ ተው ብሎት አልሰማውም። ስለዚህ በየቀኑ የግቢው በር ላይ ሲደርስ ሁለቱም ዲስኮች ፍም ይሆናሉ። የቀኙ በገዛ ጊዜው ይቀዘቅዛል፤ ምንም አይሆንም።

«የጋለ ብረት በድንገት ከቀዘቀዘ ይጣመማል። ሲደጋገምበት ይሰነጠቃል።» እዚህ ላይ ፈጠነች። «አደጋ ነው። ገዳይ የለም። ካቴናውን ፍቱለት።»

ፖሊሱ ቁልፉን አወጣ። ታናሽየው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ዓይኑን መርማሪዋ ላይ ተክሏል፤ ይብቃሽ የሚል ዓይን ነው። እሷም ሊበቃት ነበር።

«በምን ቀዘቀዘ?» አሉ እናትየው።

ባለቤትየዋ መሬት መሬት አየች። ወንፊት ፋይሏን አጠፈች። ዝም ማለት የማያውቀው ግን ቶርኖ ነው፤ ነገሩ ስላልገባው እንደ ትምህርት አድርጎ ተናገረው።

«በውሃ ነዋ እማማ። የማያውቅ ሰው በጋለ ጎማ ላይ ውሃ ይደፋል። ስንት መኪና ፈጅቷል መሰለዎት።»

እናትየው ወደ ቧንቧው ዞረው አዩ።

«ይጨስ ነበር እኮ» አሉ እናትየው በዝግታ። «ሲገባ ይጨስ ነበር። ልጄ ደክሞት በቁሙ ነው የሚተኛ፤ መኪናይቱም እንደሱ ደክማ ነው የምትገባ። በረድ ይበልላት ብዬ በባልዲ አፈስላት ነበር። የግድግዳው በኩል አልደርስበትም። ይሄንኛውን ብቻ…» ወደ ታናሽ ልጃቸው ዞሩ። «በቀብሩ ዕለት ይሄንኑ እያልኩ ሳለቅስ አጠገቤ ነበርክ። ያኔ ነው የገባህ?»

«እኔ ነኝ እማዬ። ስስ ዲስክ ነው የገጠምኩት፤ መርማሪዋ አታውቅም» አለና የተፈቱትን እጆቹን መልሶ ለፖሊሱ ዘረጋ። ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ የሚያደርገው ጠፋው።

ወንፊት በሕይወቷ እንዲህ ያለ ውሸት እውነት እንዲሆን ተመኝታ አታውቅም።

እናትየው በርጩማውን ትተው ወደ እሷ መጡ። «ልጄ፣ እኔን እሰሪኝ።»

«እናቴ፣ ሕጉ ባላወቁት ነገር አያስርዎትም።»

«አያስረኝም?» አሉ። ቤታቸውን አዩት፤ ግቢውን አዩት። «ታዲያ የት ልግባ?»

ታናሽየው ወደ ቤት ሊያስገባቸው ቀረብ ብሎ እጃቸውን ያዘ። እናትየው ባልዲውን ያነሣ የነበረውን እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁት።