የግራው ዳር

እኔ በእንደዚህ ዓይነት ነገር አላምንም ነበር፣ ጂንካ አቅራቢያ ገዘር ባደግኩበት ቤት አንድ ሰው መጥቶ የሙት ድምፅ ሰማሁ ቢል አባቴ «ራት ሳትበላ ተኝተህ ይሆናል» ብሎ ነው የሚሸኘው፣ እኔም የአባቴ ልጅ ነኝ። አሁንም የምጽፈው እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም፣ ማድረግ የነበረብኝን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ብዬ ነው።

ጂንካ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህራችን በአካባቢው ካለ አሮጌ ነገር አንዱን መርጣችሁ በስልካችሁ ቅረጹ ሲለን፣ እኔ ከሁሉ የተሻለ ነገር ይዤ ልቅረብ ብዬ የዶርም ጓደኛዬን ሰላምን አማከርኳት። የእሷ ቤተሰቦች ከሰሜን የመጡ የድሮ ነጋዴዎች ናቸው፣ የአያቷ እህት ደግሞ መነኩሲት ናቸው።

«እኛ ቤት ከእማሆይ የሚያረጅ ነገር የለም፣ ከመጽሐፋቸው በቀር» አለችኝ። «ግን አንቺ ጴንጤ፣ እዚያ ሄደሽ ሃሌ ሉያ ብለሽ እንዳታሳፍሪኝ።»

«ሃሌ ሉያ እናንተም ትሉ የለ እንዴ?»

«እኛ ቀስ ብለን ነው።»

ሄድን። ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል መስኮቱ ስር ሁለት በርጩማዎች ጎን ለጎን ነበሩ፣ በቀኙ እማሆይ ተቀምጠዋል፣ በግራው ላይ የታጠፈ ነጠላ አለ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ከሰው ጥላውን ብቻ ነው የሚለዩት።

«ማነሽ?»

«የሰላም ጓደኛ ነኝ እማሆይ፣ ከገዘር።»

«የገዘር ድንች ጥሩ ነው። ተቀመጪ።»

ስልኬ ድምፃቸውን በደንብ እንዲይዝ ብዬ፣ ነጠላውን አንስቼ ጉልበቴ ላይ አደረግኩና በግራው በርጩማ ተቀመጥኩ። እማሆይ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁና እጄን ታጥቤ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ ከቆዳ ማኅደሩ መጽሐፉን አወጡ። ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም፣ ብራናው ቢጫ ሆኗል፣ ከፊደሎቹ በላይ ጥቃቅን የዜማ ምልክቶች ተደርድረዋል። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ለሴት መነኮሳት የተጻፈ ነው አሉኝ፣ ሴቶቹ ከወንዶቹ ጋር ማኅሌት ስለማይቆሙ በየቤታቸው ሁለት ሁለት ሆነው ቀስ ብለው ያዜሙበት ነበር፣ ትንሽ የሆነውም ነጠላ ስር እንዲያዝ ነው። ሁለቱ የታች ጥጎቹ አውራ ጣት ደጋግሞ ስለነካቸው ጠቁረዋል፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ።

«ያዢ» አሉኝ። የግራውን ዳር ያዝኩ። እመኑኝ፣ አውራ ጣቴ ጥቁሩ ቦታ ላይ ልክ ገባ።

እማሆይ አንድ መስመር በቃላቸው አዜሙና አቆሙ። ዝናቡ ሊመጣ ሲል የሚነፍሰው ነፋስ ቆርቆሮውን ነካ ነካ ያደርገዋል። ረሱት እንዴ ስል፣ በግራዬ፣ ከጆሮዬ ስር፣ አንድ ቀጭን ድምፅ መስመሩን ተቀብሎ ቀጠለ። ዞር አልኩ፣ በግራዬ ያለው ግድግዳ ነው፣ ግድግዳው ላይም ያለፈው ዓመት ካላንደር። ሰላም ናት እንዳልል፣ ግቢ ውስጥ ከገመድ ላይ ልብስ እየሰበሰበች አንሶላ ከሚበላ ፍየል ጋር ስትጨቃጨቅ ይሰማኛል። እኔ ደግሞ ግዕዝ የሚባል አንድ ቃል አላውቅም፣ ከፍርሃቴ የተነሳም ከንፈሬን ነክሼ ይዤ ነበር። እማሆይ ይመራሉ፣ ያ ድምፅ ይቀበላል፣ እንዲህ እስከ ገጹ መጨረሻ።

ሲጨርሱ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እህቴ ካረፈች ወዲህ የተቀበለኝ ሰው አልነበረም። መጽሐፉ ከእኔ ጋር ሊያልቅ ነው እያልኩ ነበር። ልጄ፣ ድምፅሽ ደግ ነው፣ ተባረኪ።»

እዚያ ላይ «እኔ አይደለሁም» ማለት ነበረብኝ። «አሜን» ነው ያልኩት።

መንገድ ላይ ሰላም ቆማ አየችኝ። «እዚያ በርጩማ ላይ እኮ ዘመድ እንኳ አይቀመጥም፣ እህቴ የሚሏት የሟቿ መነኩሲት ጓደኛቸው ነው። ግራ ተቀምጦ የመጽሐፉን ግራ ዳር የያዘ ሰው፣ ዜማውን እቀበላለሁ ብሎ ቃል እንደገባ ነው የሚቆጠረው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፍየሏ መች ፋታ ሰጠችኝ? ደግሞ ስትቀበዪ ሰማሁሽ። ግዕዝ የት ተማርሽ አንቺ?»

ቅጂውን ብቻዬን ከፈትኩት። ድምፁ አለ። ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ ድምፁም ሻከር ይላል፣ አንድ ቦታ ላይ እኔ እንደምስለው አድርጎ ይስላል። መምህሩ ክፍል ውስጥ ሲያሰማው ልጆቹ አጨበጨቡ፣ «ተማሪ ማለት ይህ ነው» አለ፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ አመሰገንኩ። ፊቴ ሲቃጠል ትሕትና መሰላቸው።

እማሆይ ደግሞ ለዘመድ ሁሉ መጽሐፉ ወራሽ አገኘ ብለው አወሩ። በሚቀጥለው አርብ አንቺ ትመሪያለሽ፣ እኔ ደክሞኛል ብለው ላኩብኝ። ውሸቱን እውነት ላደርገው ብዬ መማር ጀመርኩ። ከስልኬ ቅጂ የመጀመሪያዋን መስመር እየደጋገምኩ ሸመደድኩ፣ ሐሙስ እኩለ ቀን ከዩኒቨርሲቲው አጥር ጥግ፣ ከእማሆይ ቤት በከተማው ማዶ ሆኜ፣ በሹክሹክታ አልኳት። እማሆይ በሚያቆሙበት ቦታ አቁሜ አዳመጥኩ። ምንም የለም። ደስ ብሎኝ ወደ ምሳ ሄድኩ።

አርብ ገና ከበሩ ስገባ እማሆይ አኮረፉኝ።

«ትናንት ለምን አቋረጥሽ? መርተሽ ስታቆሚ ተቀበልኩሽ፣ ቀጣዩን ብጠብቅ ብጠብቅ ጠፋሽ።»

«ይቅርታ እማሆይ፣ ምሳ ደርሶብኝ ነው» አልኩ።

ሳቁ። እሳቸው ወደ ግራው በርጩማ ተዛወሩ፣ እኔን በቀኝ አስቀመጡኝ፣ መጽሐፉንም በመካከላችን ገለጡት። ያን ጊዜም «እማሆይ፣ የዚያን ቀን እኮ እኔ አይደለሁም» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፣ ግን ፊታቸው በርቶ ነበርና ዋጥኩት፣ ይኸው እስከ ዛሬ እንደዋጥኩት ነው፣ በየአርቡም እሄዳለሁ።

ያን አርብ «በይ ምሪ» አሉኝ። የቀኙን ዳር ይዤ መስመሯን አልኩና አቆምኩ፣ እንዲቀበሉኝም ቀና ብዬ አየኋቸው። ሁለቱም እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ነበሩ። የመጽሐፉ የግራው ዳር ግን አልወደቀም።