ከሰኞ ወዲህ የሌለ ቁጥር

አቶ ተክለ ማርያም ረቡዕ ጠዋት ቁርሳቸውን ሳይጨርሱ ወንበራቸው ላይ ሞቱ። የልብ መድኃኒታቸው በቀን አንድ ፍሬ ነበር፤ ለዚያ ቀን ብቻ በተተኪነት የመጣችው ረዳት አምስት ሰጠቻቸው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ዝርዝር አምስት ይላል፣ እሷ ምን ታድርግ?

የሟች ልጅ የቀጠረቻት መርማሪ ውብአለም በማግስቱ ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል የውጭ አገር ሰፈር ወዳለው የሐበሾች የአረጋውያን ቤት ስትደርስ፣ ወንጀለኛዋ ቀድማ ተመርጣ ነበር። ዝርዝሩን የምትጽፈው ነርስ ፋናዬ ከጠዋት ጀምሮ ዕቃ ቤት ተቀምጣለች፤ ውሃ እንኳ ያቀረበላት የለም። ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ይመጣል፤ የነርስነት ፈቃዷም ነፃነቷም ያኔ አበቃ።

ሥራ አስኪያጁ ዘመድኩን መርማሪዋን በር ላይ ገተራት። «ማክሰኞ ማታ የመድኃኒቱን ፋይል የለወጠው የሠራተኛ ቁጥር 1007 ነው፤ የፋናዬ ነው። ለሠራተኛው ሁሉ አንብቤያለሁ። ሌላ ምን ቀረ?»

ገላመጣትም፤ ውብአለም አልፋው ገባች። ግልምጫ የለመደች ሴት ናት።

ፋናዬ የተከሰሰችበትን ቁጥር የነገራት አልነበረም። የምታውቀውን ሌላ ነገር ግን ዕቃ ቤት ለገባችው ውብአለም ነገረቻት፦ ዘመድኩን የሟቹን ሽማግሌ እጅ አልጋ ላይ ያስር ነበር፤ እሳቸውም ዓርብ ለሚመጣው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሊናገሩ ነበር።

የኮምፒውተር ባለሙያው ሪድዋን በግድ ተናገረ። ፋይሎቹ ያሉት በአንድ ሰርቨር፣ ሁሉም በሚገናኝበት ዋና ኮምፒውተር ላይ ነው። ሰርቨሩ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ የተሰካው ማሽን «እኔ ቁጥር ይህ ነኝ» ካለው አምኖ ይቀበላል፤ ቁጥሩ ይኑር ይሻር አያጣራም። ላፕቶፕ ያለው ሰው ሁሉ የሌላውን ቁጥር ለብሶ መጻፍ ይችላል።

«ይህን እያወቅህ ዝም አልክ?»

«ለዘመድኩን ሦስት ጊዜ ነገርኩት። ቤተሰብ ነን፣ ማን ይነካዋል አለኝ።» ሪድዋን አንገቱን ደፋ። «ሰኞ ሰርቨሩን ስቀይር ግን የሁሉንም ቁጥር ለወጥኩ። አሁን ሁሉም ከሁለት ሺህ ይጀምራል።»

«ለማን ነገርክ?»

በዚያ ቤት ማስታወቂያ አይጻፍም፤ እንደ ቤተ ክርስቲያናቸው ሰኞ ጠዋት ከጸሎት በኋላ በቃል ይነገራል። ሙስሊሙ ሪድዋን «አሜን» እስኪሉ በር ላይ ጠብቆ ነግሯቸዋል። ከጸሎቱ ማን እንደቀረ ውብአለም ጠየቀችው፤ ነገራት።

ፋናዬን ከዕቃ ቤት አውጥታ ሁሉንም መመገቢያ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ፋናዬ ብትጽፈው 2007 ይል ነበር» አለች። «ሪድዋን ቁጥሮቹን የለወጠው ራሱ ነው። ተተኪዋ የማንንም ቁጥር አታውቅም። እናንተም ሰኞ ሰምታችኋል። ወንጀሉን በፋናዬ ላይ ለመጣል በተሻረ ቁጥር የሚጽፍ ሰው፣ መሻሩን ያልሰማ ሰው ነው። አቶ ዘመድኩን፣ ሰኞ የት ነበሩ?»

«ሥራ ነበረኝ።»

«ጸሎት ሲጀመር ሁልጊዜ ሥራ ይኖርዎታል አሉ። ዛሬ ጠዋትም 1007 የፋናዬ ነው ብለው ለሠራተኛው ያነበቡት፣ ለእኔም የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ላፕቶፕዎን ፖሊስ ይከፍተዋል።»

ዘመድኩን ሳያስበው ቦርሳውን ወደ ደረቱ ሳበ።

ያኔ ወጥ ቤት የምትሠራው ጸዮን ተጣድፋ ለፋናዬ ውሃ ቀዳችላት። አይ ሰው! ፋናዬ ብርጭቆውን አየችው፤ አልነካችውም።

«ጠዋት ቁጥሩን ሲያነብላችሁ ነበራችሁ» አለች። «ሰኞም ነበራችሁ። ሁላችሁም የእኔ እንዳልሆነ ታውቁ ነበር።»