የምትክ ዋሻ
ታንኳዋ ከዳር ገና ስትላቀቅ ወንዙ ጎኗን በጥፊ አላት። የቅርስ አጥኚዋ ጠርዙን ጨብጣ ተንበረከከች። ግድቡ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሲዘጋ፣ ጥንታዊ የከብት ሥዕሎች ያሉበት የታችኛው ዋሻ ይሰጥማል፤ በምትኩ ከወንዙ ማዶ ገደሉ ላይ ያለው የላይኛው ዋሻ ይከለላል። «አይቼዋለሁ፤ ሥዕሉ ከታችኛው አያንስም» ብላ የፈረመችው እሷ ናት። ግድቡም የተፈቀደው በዚያ ፊርማ ነው። አሁን መሥሪያ ቤቷ ፎቶ አምጪ አላት።

«ልጄ፣ ማዶ ስትሻገሪ ስንተኛሽ ነው?» አሉ ሽማግሌው ቀዛፊ።

«ሁለተኛዬ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋትና መቅዘፋቸውን ቀጠሉ። ወደ ማዶ የሚያሻግር ከእርሳቸው ታንኳ ሌላ እንደሌለ ትዝ ያላት ያኔ ነው። ፊቷ ጋለ። ዋሻውን ያየችው ቢሮዋ ቁጭ ብላ፣ ከሰማይ በተነሳ ፎቶ ላይ፣ የጥቁር ነጥብ ያህል ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ዶፉ ወረደ። ከገደሉ ድንጋይ ይናድ ጀመር፤ ታንኳዋ ተሽከረከረች።

«ቅዘፊ! በግራ በኩል!»

ቀዘፈች፤ መዳፏ ተላጠ። ዳር ሲደርሱ ግንድ የመሰላት ነገር አፉን ከፈተ። ሽማግሌው መቅዘፊያቸውን አዞው ጉሮሮ ውስጥ ሰነቀሩት፤ እሱም እንደ አገዳ ቀነጠሰው። ሁለቱም አሸዋው ላይ ተዘረገፉ።

ገደሉን ቧጠው ሲወጡ ዋሻው አፍ ላይ ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ ዘበኛ ጠመንጃ ደገነባቸው።

«ተመለሱ! ድማሚት ተጠምዷል!»

«ይሄ እኮ የተከለለ ቅርስ ነው!»

«ማን ከለለው?» ሳቀ ዘበኛው። «ከአምና ጀምሮ እየፈለጥነው ነው፤ የጠየቀን ሰው የለም።»

ሽማግሌው አፈሙዙን በመዳፋቸው ዝቅ አደረጉና «ከዚህ ወንዝ ተርፋ መጥታለች፤ አንዴ ትየው» አሉ።

ገባች። በባትሪዋ ግድግዳውን ዳሰሰች። ግማሹ ተፈልጧል፤ የቀረው ባዶ ነው።

«ሥዕሉስ?»

«እዚህማ ኖሮ አያውቅም፣ ልጄ። ፍየል ነበር የሚያድርበት።»

«ታዲያ ቀድመው ለምን አልነገሩኝም?»

«ሁለተኛዬ ነው አልሽኝ። ያየ ሰው ምን ይነገረዋል?»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የታችኛውን ዋሻ ፎቶ የላይኛው ነው ብሎ መላክም ይቻል ነበር፤ ይህ በሐሳቧ ማለፉ ራሱ አሳፈራት። ኔትወርክ ፍለጋ ገደሉ አናት ላይ ወጥታ ደወለች።

«አለቃ፣ ግድቡን እንዳይዘጉት።»

«ምትኩስ?»

«ምትክ የለውም። ሳላይ ነው የፈረምኩት።»

«ከሥራ ትባረሪያለሽ እኮ!»

«አውቃለሁ። በጽሑፍ እልክልዎታለሁ።»

ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈችው። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩላት። ስሟ ላይ ስትደርስ እስከ አያቷ ጻፈችው።