እንግዳውን አምላክ ያሰሩ ዕለት

ክርስቶስ ሊወለድ ሦስት መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሲቀረው፤ በበጋው መግቢያ፤ ጢሮስ ከዙሪያዋ ካለው ባሕር ይልቅ የድንጋይ ድምፅ ይሰማባት ነበር። የመቄዶንያ ንጉሥ ደሴቲቱን በመርከብ መክበብ አልበቃ ብሎት ባሕሩን ደልድሎ በእግር ሊገባባት ቆርጦ ተነሥቶ ነበርና፤ በየብስ የነበረችውን አሮጌይቱን ጢሮስን እያፈረሰ ቤቶቿንና መቃብሮቿን ወደ ውኃው ይገለብጥ ነበር። የደሴቲቱም ሰዎች በቅጥራቸው ላይ ቆመው የአያቶቻቸው ደጃፍ ድንጋይ በየቀኑ ወደ እነርሱ ሲቀርብ ያዩ ነበር።

ጠቡ የተጀመረው በመሥዋዕት ነው። ንጉሡ «በደሴቲቱ መቅደስ ገብቼ ለአምላካችሁ ለመልቃርት ልሠዋ» ብሎ ቢልክ፤ ጢሮሶች ከመሥዋዕቱ በስተኋላ የሚመጣውን ጦር አይተው «መሠዋት ብቻ ከሆነ የፈለግኸው ማዶም መቅደስ አለልህ» ብለው መለሱለት። እንዲህ ያለ መልስ የሚመልስ ሕዝብ የሚመጣበትን አያውቅም ማለት አይቻልም፤ ያውቃል፤ ግን አንገቱን አይደፋም።

አሪሻት የምትኖረው በቀለም ነካሪዎች ሠፈር ነው። ከባሕር ቀንድ አውጣ ሐምራዊ ቀለም እያወጣች ሱፍና ሐር የመሰለ የተልባ እግር ጨርቅ ስትነክር ሃምሳ ዓመቷን ስለ ደፈነች፤ እጆቿ እስከ ክርናቸው ሐምራዊ ነበሩ፤ ታጥበውም አይለቁም። በሰላሙ ዘመን ከግብፅና ከቆጵሮስ፤ ከግሪኮችም ደሴቶች ሳይቀር፤ የመልቃርትን መቅደስ ሁለት ዓምዶች፤ የወርቁንና የአረንጓዴውን ዕንቍ፤ ለማየት የሚመጡ እንግዶች በደጃፏ ሲያልፉ ከሸተቱ ጋኖቿ የተነሣ አፍንጫቸውን ይይዙ ነበር። እሷም «አፍንጫችሁን ልቀቁት እንጂ፤ አብሯችሁ ነው የሚገባው!» እያለች ትስቅባቸው ነበር።

ባሏ ያቶን ቀንድ አውጣውን ከባሕር ወለል የሚለቅም ጠላቂ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ግን ቢላዋውን በጥርሱ ነክሶ በጠላት መርከቦች ሥር እየዋኘ የመልሕቃቸውን ገመድ መቁረጥ ያዘ፤ ገመዱ የተቆረጠ መርከብም ማዕበል እየገፋው ከድንጋይ ጋር ሲላተም፤ በቅጥሩ ላይ ያለው ሕዝብ «ያቶን! ያቶን!» እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮህለት ነበር። በመጨረሻ መቄዶናውያን ነቅተው ገመዱን በብረት ሰንሰለት ለወጡት። ያን ቀን ያቶን የዶለዶመ ቢላዋውን ምድጃው ሥር ወርውሮ ተኛ፤ ሲነጋም ፊቱ ተለውጦ ተነሣ።

«አሪሻት፤ ሕልም አየሁ።»

«የዓሣ ሕልም ከሆነ አውራኝ፤» አለች ጋኗን እያማሰለች፤ «በሕልምም ቢሆን ዓሣ ናፍቆኛል።»

«እንግዳው ሲሄድ አየሁ።»

ማማሰያዋ ቆመ። እንግዳው የሚሉት በመቅደሱ አደባባይ የቆመውን የነሐስ አምላክ ነበር፤ ግሪኮች አፖሎ ይሉታል። የጢሮስ ልጅ የሆነችው ካርቴጅ በሲሲሊ ጦርነት ማርካ ለእናት ከተማዋ በስጦታ የላከችው ነውና፤ ጢሮሶች በክብር ተቀብለው፤ ዘይት እየቀቡ፤ እንደ ቤት እንግዳ ይይዙት ነበር።

«ተነሣና አቧራውን አራገፈ፤ በበሩ ወጣ። ጠራሁት፤ ዘወር ብሎ እንኳ አላየኝም።»

«ለማን ተናገርህ?»

«ላንቺ።»

«እንግዲያው ተናግረህ ጨርሰሃል። ቁጭ በልና ያለችንን ቅመስ።»

«አልቀምስም። ታውቂው የለም እንዴ?»

ታውቀዋለች። በጢሮስ ስለ አምላክ የታለመ ሕልም የአላሚው አይደለም፤ የከተማው ነው፤ ያየው ሰው እህል ሳይቀምስ በመቅደሱ ደጅ ቆሞ ካልተናገረው ሕልሙን ሰረቀ ይባላል። በደጉ ጊዜ ሰው ሁሉ በዚያ ደጅ እየቆመ ሕልሙን ሲያወራ፤ ገሚሱ ይስቅ ገሚሱ ያዛጋ ነበር። የዛሬው ግን ሌላ ነው።

«ያቶን፤ ሕዝቡ ተርቧል። ፈርቷል። ይገድሉሃል እኮ!»

«ከተማው የሚበላውን ሁሉ ደብቆ ይብላ፤ እኔ ግን የከተማውን ሕልም ደብቄ አልበላም፤» አለና ወጣ።

አሪሻት ተናደደች፤ ባሏን ማግባቷንም ባሕሩንም ረገመች፤ ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ተከተለችው።

በመቅደሱ ደጅ ያቶን ያየውን አንድም ሳይጨምር፤ አንድም ሳይቀንስ ተናገረ። ከዚያ ጎረቤታቸው ሸክላ ሠሪው ሐኖን «ሰንሰለቱ አልቆረጥ ያለው ለካ ለዚህ ነው! ገዝተውታል!» ብሎ ጮኸ፤ የመጀመሪያውም ድንጋይ የያቶንን ጆሮ ጨረፈው። ያቶን ሮጦ ገባና በሁለቱ ዓምዶች መካከል ቆመ፤ በዚያ መካከል የቆመ ሰው በመልቃርት ጥላ ሥር ነውና አይነካም። ሕዝቡ ግን ደጁን ሞልቶ ድንጋዩን እንደ ጨበጠ ቀረ።

ሊቀ ዳኞች አዝሩበዓል ከሽማግሌዎቹ ጋር መክሮ ወጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በከበባው ብዛት እንቅልፍ ያጣ ሽማግሌ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ እንግዳው አምላክ ጥሎን እንዳይሄድ በወርቅ ሰንሰለት ከመልቃርት መሠዊያ ጋር ይታሰር ዘንድ መፈረዱን አስታወቀ፤ ወደ ያቶንም ዞሮ ለስለስ ባለ ቃል ተናገረው።

«ልጄ፤ ከተማው ይረጋጋ። ‹ዋሸሁ› በልና ወደ ቤትህ ግባ። አንድ ቃል ናት። እምቢ ካልህ ግን ከዓምዶቹ መካከል አስወጥቼ ለሕዝቡ እሰጥሃለሁ።»

ያቶን ደሙን ከጆሮው ጠረገ።

«ጌታዬ፤ ዋሽቼ ከሆነ ሰንሰለቱ ለምን አስፈለገ?»

አዝሩበዓል ተቆጣ፤ ለዘቦቹም በእጁ ምልክት ሰጠ። ዘቦቹ ያቶንን ጎትተው ወደ ደጁ ሲያወጡት ግን አሪሻት ሕዝቡን በክርኗ እየገፋች መጥታ ከፊቱ ተገትራ ነበር። ጠዋት «ዝም በል» ያለችው እሷ ነበረች፤ አሁን እሷን ዝም የሚያሰኝ ጠፋ።

«ኑ፤ ወርውሩ! ማነው የሚጀምር? አንተ ነህ ሐኖን? በቀደም ስሙን እየጠራህ ስትጮህ ትን ያለህ ሰውዬ አይደለህም እንዴ? ወርውር! ግን መጀመሪያ ክሬን መልስልኝ።»

«የምን ክር?»

«እጅህ ላይ ያሰርኸውን ነዋ! የነከርኩት እኔ ነኝ። ቀንድ አውጣውን ከባሕር ሥር ያወጣው ደግሞ ይኸው፤ ድንጋይ ያነሣህበት ሰው ነው። ፍታና ስጠኝ፤ ከዚያ እንደ ልብህ። ሁላችሁም! ፍቱና አምጡ!»

ሐኖን የእጁን አንጓ አየ። ጢሮሳዊ ሲያገባ የሚታሰርለት ሐምራዊ ክር አለ፤ በሰላም ጊዜ በሣጥን ይኖራል፤ አደጋ ሲመጣ ያገባው የራሱን፤ ያላገባው የእናቱን በእጁ አንጓ ያስራል፤ አደጋው ሳያልፍ በገዛ እጁ የፈታው ግን ከተማውን ክዶ ሄደ ማለት ነው። በዚያ አደባባይ ድንጋይ የጨበጠ እጅ ሁሉ ክር ነበረበት። አዝሩበዓልም ሳይታወቀው የቀሚሱን እጅጌ ወደ ታች ሳበ።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ፍቱ እንጂ! እኔ የነከርኩትን አስራችሁ እኔን ልትወግሩ ነው? እንዲህማ አይሆንም።»

ሐኖን ድንጋዩን ወደ መሬት ጣለና «አንቺ ሴትዮ፤ ምላስሽ ከጋንሽ ይብሳል፤» አለ። አንዳንዱ ሳቀ፤ ሌላው አለቀሰ፤ ድንጋዩም እየተንኳኳ ወደቀ። ያቶን «ዋሸሁ» ሳይል በሚስቱ ክንድ ተደግፎ ወጣ።

ሰንሰለቱ ግን አልቀረም። በዚያው ቀን አንጥረኞች መጥተው የነሐሱን እግር ሲያስሩ፤ አሪሻት ከአዝሩበዓል አጠገብ ቆማ ታይ ነበር።

«ጌታዬ፤ ጠላት እንኳ የሚያስረው መርከቡን ነው። እንግዳን አስሮ ማሳደር በየት አገር አዩ? ልሂድ ያለ እንግዳ ምን አጎደልን ተብሎ ይጠየቃል እንጂ!»

«ጠይቀነው ቢመልስልን መች እናስረው ነበር፤ ልጄ፤» አለ ሽማግሌው።

ከዚያ በኋላ ያቶን ወደ ባሕሩ ተመለሰ። ሰንሰለት መቁረጥ ባይችልም ለድልድሉ የተጫኑትን ግንዶች በሜንጦ እየጎተተ ያፈርስ ነበር። በበጋው እኩሌታ ቅጥሩ በደቡቡ ወደብ በኩል ተናደ፤ ያቶን በዚያ ክፍተት ቆሞ ከሞቱት አንዱ ሆነ። ሐኖንም ከጎኑ ወደቀ። ከተማይቱ ስትያዝ የተገደለው ተገደለ፤ የተረፈውም ለባርነት ተነዳ።

ለንጉሡ ተገድደው ከመጡት መርከቦች ብዙዎቹ የሲዶና ነበሩ። የሲዶና ሰው ከጢሮስ ሰው ጋር በቋንቋም በአምላክም አንድ ነውና፤ መርከበኞቹ ያገኙትን ሰው በስውር እየጫኑ ያወጡ ጀመር። አንዱ፤ ገርአሽሙን የሚባል ጎልማሳ፤ አሪሻትን ከፈረሰው የማቅለሚያ ቤቷ ደጃፍ አግኝቶ እየጎተተ ወደ ወደቡ አመጣት።

«እናቴ፤ ስሚኝ። በወደቡ ላይ ያለው ዘበኛ ይጠይቅሻል። ሲዶናም ቀለም ነካሪ ሞልቷል፤ እጅሽ ይመሰክርልሻል። ‹ሲዶናዊት ነኝ› በይ።»

«አልልም።»

«አንድ ቃል ናት እኮ!»

«ባሌንም እንደዚሁ ብለውት ነበር።»

መቄዶናዊው ዘበኛ ጦሩን አጋድሞ አስቆማቸውና በግሪክኛ ጠየቀ። አሪሻት ቀና አለች፤ ክር የታሰረባቸውን ሐምራዊ እጆቿን ወደ ፊቱ አንሥታ በጩኸት ተናገረች።

«ጢሮሳዊት ነኝ! ጢሮስ ነው የተወለድኩት! ባሌ ያቶን ነው፤ መርከባችሁን ያላተመው!»

ዘበኛው አንድም ቃል አልገባውም፤ ወደ ገርአሽሙን ዞረ።

«ምን ትላለች?»

«የሲዶና ሴት ናት ጌታው፤ ለመርከባችን ሸራ የምትነክር። ባሕሩ አሳምሞኛል፤ ወደ ቤቴ መልሱኝ ነው የምትለው።»

ዘበኛው ስቆ መንገዱን ለቀቀ። መርከቡ ከወደቡ ሲርቅ አሪሻት የገርአሽሙንን ደረት በሁለት እጆቿ ትመታ ነበር።

«ማን አስዋሸህ? ማን አስዋሸኝ?»

«አንቺ መች ዋሸሽ? እኔ ነኝ የዋሸሁት። ምቺኝ፤ እናቴ፤ ብቻ ቁጭ ብለሽ ምቺኝ።»

የዘመኑን ነገር የጻፉ ሰዎች ጢሮስ አምላኳን በወርቅ እንዳሰረች ጽፈዋል፤ ንጉሡም ሰንሰለቱን አስፈትቶ ሐውልቱን «የንጉሡ ወዳጅ» ብሎ እንደ ሰየመው ጽፈዋል። ሕልም ያየውን ሰው «አንድ ሰው» ብለው አልፈውታል። በወደቡ ላይ የተጮኸውንማ ማን ይጽፈዋል፤ ገና ከአፏ ሲወጣ በሌላ ቃል ተተርጉሞ ቀርቷል። ባሕሩ በድልድሉ ላይ አሸዋ እየከመረ ደሴቲቱን ከየብስ አገናኝቷታል፤ ዛሬ እንግዶች እግራቸው ሳይርስ ተራምደው ገብተው የወደቁ ዓምዶችን ያያሉ፤ የሚረግጡት የማን ደጃፍ እንደ ነበር ግን የሚነግራቸው የለም።

ጢሮስ ዳግመኛ ሰው ሲሰፍርባት አሪሻት ተመልሳ መጣች፤ ከሁሉ አስቀድማም ጋኗን ጣደች። ነፋሱ ሲዞር በቅጥሩ ላይ የቆሙት የመቄዶንያ ዘበኞች አፍንጫቸውን ያዙ። ክሯን ግን እስክትሞት ከእጇ አላወለቀችም፤ ለምን ብለው ሲጠይቋት ወደ ዘበኞቹ በአገጯ እያመለከተች «አደጋው መች አለፈ?» ትል ነበር። ንጉሡ የወርቁን ሰንሰለት አስፈታ፤ ይህን ክር ግን ማንም አልፈታውም፤ አብሯት ተቀበረ።